በወፍጮ ቤቴ በር ላይ የተለጠፈው ወረቀት

ታደለች እባላለሁ። ከጎፋ ወደ ነፋስ ስልክ በሚወስደው መንገድ ገባ ብላ ያለች ወፍጮ ቤት አለችኝ። ሰፈሩ ውስጥ በርበሬ ያስፈጨ ሰው ሁሉ ያውቀኛል። የማያውቀኝም ቢሆን ያን ሰሞን ስሜን ሰምቷል፤ የሰማው ግን በክፉ ነው። ወሬው ሰፈር ለሰፈር ሲዞር እኔ አፌን ይዤ ልቀመጥ? አልቀመጥም። የሆነውን ከኔ ስሙት።

መጀመሪያ ያኔ ማን እንደነበርኩ ልንገራችሁ። ከሆሳዕና ስመጣ ሥራ የጀመርኩት በሰው ወፍጮ ቤት ዱቄት እየነፋሁ ነው። ባለቤቱ አርጅተው ሲደክሙ ቤቱን ከነወፍጮው ተከራይቼ ያዝኩት። ሁለት ወፍጮ ነው ያለኝ፤ አንዱ ለጤፍና ለስንዴ፣ ሌላው ለበርበሬ፣ ለሽሮ፣ ለገንፎ እህልና ለመሳሰለው። ባሌ ማቴዎስ ለቡ የሚሠራ ግንበኛ ነው፤ ዝምተኛ ሰው ነው። ለሁለታችን የሚበቃውን ምላስ እግዚአብሔር ለኔ ሰጥቶኛል። ደንበኞቼም "የታዱ አፍና የታዱ ወፍጮ አንዴ ከተነሱ ማቆሚያ የላቸውም" እያሉ ይስቁብኛል። እውነታቸውን ነው።

ሕግ የምትጠላ ሴት እንዳልመስላችሁ። ሸማቹ ዋጋ አይቶ ይግባ ሲሉ ዋጋ ለጥፌያለሁ። ደረሰኝ ስጪ ሲሉ ሰጥቻለሁ፤ ሚዛኔንም አስመርምሬያለሁ። ደግሞስ እኔ ራሴ ዘይትና ስኳር የምገዛ ሸማች አይደለሁም እንዴ?

አንድ ነገር ግን አስቀድሜ ላስረዳችሁ፤ አለዚያ ነገሩ አይገባችሁም። በርበሬ የፈጨ ድንጋይ ላይ ወዲያው የሕፃን ገንፎ እህል አይፈጭም። ብትፈጩ እናትየዋ በማግስቱ መጥታ ታሳያችኋለች። ስለዚህ በመሃል ርካሽ በቆሎ እናሳልፍበታለን። በቆሎው ድንጋዩ ላይ የቀረውን በርበሬ ጠራርጎ ቀላ ያለ ዱቄት ሆኖ ይወጣል። እኔ ያንን በማዳበሪያ አጠራቅሜ ዶሮ ለሚያረባ ጎረቤት እሰጠዋለሁ። ዶሮ በርበሬ አያቃጥላትም፤ እንዲያውም አስኳሉን ያቀላዋል ይላል ሰውዬው። እኔ እንኳ አላየሁም።

ያን ሰሞን ከተማው ሁሉ ስለ በርበሬ ነበር የሚያወራው። ባዕድ ነገር ይቀላቅሉበታል፣ ሸክላ ፈጭተው ይጨምሩበታል ይባላል። የሚያደርጉት ሰዎች አሉ፤ እንዲህ ያለውን ይዘው ቢያስሩት እኔ ነኝ እልል የምለው። የቁጥጥር ሰዎችም በየወፍጮ ቤቱና በየባልትናው እየዞሩ መፈተሽ ጀመሩ።

እኔ ጋ የመጡት ቅዳሜ ጠዋት ነው። ቅዳሜ ደግሞ ለወፍጮ ቤት ቅዳሜ ነው፤ ሰው እስከ መንገዱ ድረስ ተሰልፏል። ከፊት የቆሙት እትዬ ዘሃራ ነበሩ። ከስልጤ የመጡ፣ እዚሁ ጎፋ የልብስ ሱቅ ያላቸው፣ ሰፈሩ የሚያከብራቸው ሴት ናቸው። ልጃቸውን በሚቀጥለው እሑድ ሊድሩ ነው። ለሰርጉ ሁለት ማዳበሪያ በርበሬ ይዘው መጥተዋል። አንዱን ፈጭቼላቸው ሁለተኛው ወረፋውን ይጠብቃል። "አልደቀቀም፤ ልም ይበልልኝ" እያሉ ከጠዋት ጀምሮ ቁም ስቅሌን ያሳዩኛል።

ሦስት ሰዎች ገቡ። ዋናው ቢኒያም የሚባል ወጣት ነው፤ ሸሚዙ የተተኮሰ፣ አነጋገሩ የታረመ። መታወቂያውን አሳየኝ። ዋጋውን አየ፣ ሚዛኑን አየ፣ ሁሉም ደህና ነው። ሊወጣ ሲል ጥግ ላይ የተቀመጠውን ማዳበሪያ ከፈተና እጁን ሰደደበት። ቀይ ዱቄት አወጣ። አሸተተው፤ በጣቱ አሸው።

"ይሄ ምንድን ነው?" አለኝ።

እንግዲህ ከንጋት ጀምሮ ቆሜያለሁ። ዓይኔ በበርበሬ ነዷል። እትዬ ዘሃራ ጆሮዬ ሥር ናቸው።

"ለእናንተ ምሳ ወጥ ልሠራበት ነው" አልኩት።

ሰልፉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ቢኒያም ግን አልሳቀም፤ ጎንበስ ብሎ ጻፈ።

"ኧረ ቀልዴን ነው ወንድሜ" አልኩት። "በቆሎ ነው። ድንጋይ የሚጸዳበት ነው። ዶሮ ነው የሚበላው።"

"መጀመሪያ ያሉትን ይዣለሁ" አለ።

"መጀመሪያ ያልኩት ቀልድ ነዋ።"

"ወጥ ሊሠራበት ነው አላሉም?"

"ብያለሁ።"

"ሰው ሁሉ ሰምቷል።"

"ሰው ሁሉ ስቋልም። እሱንም ጻፈው።"

ይቺን ባልናገር ይሻል ነበር መሰለኝ። ከቀዩ በቆሎና ከእትዬ ዘሃራ የተፈጨ በርበሬ ናሙና ወሰዱ። ሰዉን አስወጡ። ወፍጮውን አስቆሙኝ። ከዚያ በሩን ዘግተው በሰንሰለት አሰሩትና ትልቅ ወረቀት ለጠፉበት። ታሽጓል ይላል፤ ከሥሩ "ምግብ ውስጥ ባዕድ ነገር በመቀላቀል ተጠርጥሮ" ይላል። ይህ ሁሉ የሆነው በቅዳሜ ጠዋት፣ ሰፈሩ በሙሉ ዘንቢሉን ይዞ ቆሞ እያየ ነው። የእትዬ ዘሃራ በርበሬ፣ የተፈጨውም ያልተፈጨውም፣ ከውስጥ ቀረ።

ቢኒያም ክፉ ልጅ አይደለም፤ ሐቁን እናገራለሁ። ሊሄድ ሲል ወደ ጎን ሳብ አደረገኝ።

"እህቴ፣ ሰኞ ቢሮ ይምጡ። ጥፋትዎን አምነው ከፈረሙ፣ የመጀመሪያ ጊዜዎ ስለሆነ በማስጠንቀቂያና በትንሽ ቅጣት ቶሎ ይከፈትልዎታል። ካልፈረሙ ግን የናሙናው ውጤት እስኪመጣ ታሽጎ ይቆያል።"

"ውጤቱ መቼ ይመጣል?"

"እሱን እኔ አላውቅም" አለ።

ማታ ማቴዎስ ከለቡ ሲመጣ ወሬው ታክሲ ውስጥ ደርሶታል። ቁጭ አለና "ፈርሚ" አለኝ።

"ምን ብዬ?"

"የፈለጉትን። ወረቀት እኮ ነው ታዱ። ስንቱ ፈርሞ እየሠራ ነው።"

"ወረቀት ብቻ ከሆነ አንተ ፈርምልኛ። 'ሚስቴ ለሰው በርበሬ ብላ በቆሎ ታበላለች' ብለህ ፈርም።"

ዝም አለ። ራቱንም አልጨረሰው። ዝምታው ከንግግሩ ይልቅ አናደደኝ፤ ምክንያቱም ልክ እንደሆነ አውቃለሁ። ወፍጮው ባይዞርም ኪራዩ ይዞራል። የእሱ ሥራ ደግሞ ሲሚንቶ ሲገኝ ነው እንጂ ሁልጊዜ የለም። ግን እኔ ከስሜ ሌላ ምን አለኝ? ሰው እህሉን ወፍጮ ላይ ጥሎልኝ ቤቱ ሄዶ የሚተኛው ስለሚያምነኝ ነው። "አዎ ቀላቅያለሁ" ብዬ ከፈረምኩ በኋላ በሬ ቢከፈት ማን ይገባበታል?

እሑድ ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ። ከአምልኮ በኋላ የእህቶች ኅብረት አለን፤ ክብ ሠርተን እጅ ለእጅ ተያይዘን እንጸልያለን። መሪያችን በፍቅር ነው የጀመረችው። "ጌታ ሆይ፣ እህታችንን ታደለችን አስባት" አለች። አሜን አልኩ። "የገንዘብ ፍቅር ካሳታት መንገድ መልሳት፤ የንስሐ ልብ ስጣት" ስትል ዓይኔን ገለጥኩ። ሌሎቹ ዓይናቸውን ጨፍነው አሜን ይላሉ። በግራ በቀኝ የያዙኝን እጆች ለቅቄ ወጣሁ። የልጆች እናት ነኝ፣ መንገድ ላይ አላለቅስም ብዬ ነበር፤ ግን አለቀስኩ። በንዴት ነው ያለቀስኩት።

ሰኞ ገና ቁርስ ሳልቀምስ እትዬ ዘሃራ መጡ። ቁጭ በሉ ብላቸው እምቢ አሉ።

"ታዱ፣ ወላሂ ሌሊቱን ዓይኔን አልከደንኩም። ስድስት ቀን ነው የቀረኝ። አንቺ ካልፈረምሽ በርበሬዬ አይወጣም አሉኝ።"

"እትዬ፣ የፈረምኩ ቀን እኮ የእርስዎን በርበሬ አበላሽቻለሁ ማለቴ ነው።"

"እኔ እንደሱ እንዳላደረግሽ አውቃለሁ። ለኔ ስትዪ ፈርሚልኝ። የልጄ ሰርግ ነው።"

እኚህ ሴት እኔ ወልጄ ስተኛ ገንፎ ይዘው የመጡልኝ ናቸው። ለእሳቸው የማላደርገው ነገር ያለ አይመስለኝም ነበር።

"እትዬ፣ እግርዎ ሥር ልውደቅ፤ ሌላ ይዘዙኝ። ይህንን አልችልም" አልኳቸው።

አዩኝ። "ልብሽ ድንጋይ ሆኗል" ብለው ነጠላቸውን ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው ሄዱ። ያቺን ቃል ከቢኒያም ወረቀት አብልጬ ፈራኋት።

ቢሮ ስደርስ እትዬ ዘሃራ ቀድመውኝ ከቢኒያም ጠረጴዛ ፊት ተቀምጠዋል። አላዩኝም። ከበሩ አጠገብ ያለው አግዳሚ ላይ ተቀመጥኩ። የክፍሉ ኃላፊ የሆኑት ወይዘሮ ከኋላ ባለው ጠረጴዛ ስልክ ያወራሉ።

ቢኒያም በትሕትና እያስረዳቸው ነበር። "እናቴ፣ ሕጉ የወጣው ለእርስዎ ነው። ሸማቹ እርስዎ ነዎት። የተጎዱ መሆንዎን እዚህ ላይ ከፈረሙ በርበሬዎን ልናስወጣልዎት እንችላለን። ካሳም መጠየቅ ይችላሉ።"

"በርበሬዬን ዛሬ ትሰጠኛለህ?"

"ነገ ቢበዛ።"

እስክሪብቶውን ተቀበሉ። የእሳቸው ፊርማ ካለ የኔ መፈረም አለመፈረም ምን ዋጋ አለው? በርበሬዋን ያስፈጨችው ራሷ መሰከረች ይባላል፤ አለቀ። ልነሳና ልለምናቸው ፈለግኩ። ግን ጠዋት ለምነውኝ እምቢ ብያቸዋለሁ፤ በምን አፌ?

"ምን ይላል? መነጽሬን አልያዝኩም፤ አንብብልኝ" አሉት።

ቢኒያም አነበበ። "እኔ ስሜ ከላይ የተጠቀሰው ግለሰብ፣ ለማስፈጨት ባቀረብኩት በርበሬ ውስጥ በቆሎና ሌላ ባዕድ ነገር ተቀላቅሎ ጉዳት የደረሰብኝ መሆኑን አረጋግጣለሁ።"

እትዬ ዘሃራ እስክሪብቶውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት።

"የማን በርበሬ ውስጥ?"

"የእርስዎ፣ እናቴ።"

"የኔ በርበሬ ውስጥ በቆሎ? አንተ ልጅ፣ ያንን በርበሬ ዛላውን አንድ በአንድ የለቀምኩት እኔ ነኝ። ያጠብኩት እኔ፣ ያሰጣሁት እኔ፣ ቅመሙን ያመስኩት እኔ። ተፈጭቶ ሲወጣ ከወፍጮው አፍ ሥር ቆሜ እያየሁ ነው የገባው። ዓይኔ እያየ በቆሎ ሲጨመርብኝ ዝም ያልኩ ሴት ነኝ ብዬ ልፈርምልህ ነው? ለልጄ ሰርግ? አማቾቼ ሲሰሙ ምን ይሉኛል?"

"እናቴ፣ ለማስወጣት ያህል ነው…"

"ለማስወጣት ያህል አይዋሽም። አልፈርምም።"

ኃላፊዋ ስልካቸውን ዘጉ። "ምንድን ነው?" አሉ።

"እኔን ሸማች ነሽ፣ ሕጉ ላንቺ ነው ብሎኛል" አሉ እትዬ ዘሃራ ወደ እሳቸው ዞረው። "እውነት ነው?"

"እውነት ነው።"

"እንግዲያው የኔን ዕቃ የቆለፈብኝ ማን ነው? ታደለች ናት ወይስ እናንተ? አቤቱታ የሚጻፍ ከሆነ እሱን ጻፉልኝ፤ እሱን በዐሥር ጣቴ እፈርማለሁ።"

እኔ አግዳሚው ላይ አፌን በእጄ ይዤያለሁ፤ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ የምናገረው አጣሁ። እትዬ ዘሃራ ያኔ ነው ያዩኝ። "ላንቺ ብዬ እንዳይመስልሽ" አሉኝ። "አንቺ መጀመሪያ ያን ምላስሽን አሳጥሪ።"

አቤቱታቸው ተጻፈ፤ ፈረሙ። እኔም ተጠርቼ ቃሌን ሰጠሁ። ጥፋቴን አምናለሁ የሚለውን ወረቀት ቢኒያም ሲያቀርብልኝ መልሼ ገፋሁለት። "ወጥ ብያለሁ፤ ቀልድ ነው። ቀላቅለሻል ካላችሁኝ አላደረግኩም። የቀለድኩበትን ቅጡኝ ከተባለ እቀጣለሁ። ያላደረግኩትን ግን አልፈርምም" አልኩት። ኃላፊዋ መነጽራቸውን አውልቀው አዩኝና "ውጤቱ ቶሎ እንዲመጣ እጽፋለሁ" አሉ። እሳቸው ጻፉ፤ ውጤቱ ግን አልመጣም።

ሰርጉ ደረሰ። በርበሬው እንደተቆለፈ ነው። እትዬ ዘሃራም ሌላ በርበሬ ገዝቼ አልገባም ብለው ግግም አሉ፤ በዚያ ሰሞን የሱቅ በርበሬ ማን ያምናል? ጎረቤት ይህንን ሲሰማ እያንዳንዷ ሴት ከጓዳዋ በጣሳ፣ በብርጭቆ፣ በፌስታል ቀንሳ ይዛ መጣች። የሁሉም በርበሬ በአንድ ሳፋ ላይ ተደፋ። አንዷ "በሕግ ከሄድን እንግዲህ የተቀላቀለው ይሄኛው ነው" ስትል ቤቱ በሳቅ ፈረሰ።

እኔ ከድንኳኑ ውጭ ቆሜያለሁ። መጠራቴን እንኳ እርግጠኛ አይደለሁም፤ ማቴዎስ ነው እየጎተተ ያመጣኝ። እትዬ ዘሃራ ከውስጥ አዩኝ።

"ምን ትገተሪያለሽ? ነይ ወጡን አማስዪ" አሉኝ።

"እኔ?"

"አዎ አንቺ። በደንብ ይዩሽ።"

ትልቁ ብረት ድስት ጋ ወሰዱኝና ማማሰያውን በእጄ አስያዙኝ። ሥጋው በሙስሊም ወግ የታረደ ነው፤ ወጥ ማማሰል ግን የማንም እጅ ይችላል። ሰፈሩ ሁሉ እያየኝ፣ በበርበሬ የተከሰስኩት ሴት የሰርጉን ወጥ አማሰልኩ። ጥቂት ሴቶች እርስ በርስ ተያዩ። አንዷ ደግሞ ተነሥታ ወጣች፤ አይቻታለሁ። ሌሎቹ ግን በሉ። እትዬ ዘሃራ ራሳቸው የመጀመሪያውን ጉርሻ ጎረሱና "ጨው አንሶታል" አሉኝ። ሌላ ምንም አላሉም። እኔ ያን ቀን ከማንም ዘመድ የሚበልጥ ዘመድ አገኘሁ።

ውጤቱ ከሰርጉ በኋላ መጣ። ኃላፊዋ አስጠሩኝ። በእትዬ ዘሃራ በርበሬ ውስጥ ባዕድ ነገር አልተገኘም። ማዳበሪያው ውስጥ የነበረውም እንዳልኳቸው በቆሎና ትንሽ በርበሬ ነው።

"እንኳን ደስ ያለሽ" አሉኝ። "አሁን ማስጠንቀቂያ እንደተሰጠሽ ትፈርሚና ሰንሰለቱን ዛሬ ከሥራ ሰዓት በኋላ መጥተው ይፈቱልሻል።"

"የምን ማስጠንቀቂያ?"

"ለወደፊቱ እንድትጠነቀቂ ነው። ሥርዓቱ ነው።"

"ለምኑ ነው የምጠነቀቀው? ንጹሕ ነሽ አላችሁኝ እኮ። ማዳበሪያው ላይ 'የዶሮ መኖ' ብለሽ ጻፊበት ካላችሁኝ እሺ፣ ዛሬውኑ እጽፋለሁ፤ ይሄ ተገቢ ነው። ማስጠንቀቂያ ግን ላጠፋ ሰው ነው።"

ኃላፊዋ ተነፈሱ። "ታደለች፣ በሩ እንዲከፈት አትፈልጊም?"

"እፈልጋለሁ። ከሥራ ሰዓት በኋላ ግን አልፈልግም። ሲታሸግ ቅዳሜ ጠዋት ነው፤ ሰው ሁሉ ቆሞ እያየ። ሲከፈትም ቅዳሜ ጠዋት ይሁን። የለጠፈው ልጅ ራሱ ይላጠው።"

"እስከ ቅዳሜ ልትዘጊ ነው? በገዛ ኪሳራሽ?"

"ይሁና" አልኩ። ማቴዎስ ይህን ሲሰማ የሚለውን አሰብኩ። ግን ከዚህ ላይ ከተመለስኩ እስካሁን ሳልፈርም የቆየሁት ለምን ነበር?

ወይዘሮዋ ለረጅም ጊዜ አዩኝ። ፈገግ አሉ ብል ውሸት ይሆናል። የማስጠንቀቂያውን ወረቀት ወደ ጎን አድርገው "ቢኒያም" ብለው ተጣሩ፤ "ቅዳሜ ጠዋት ሂድ።"

ማቴዎስም ምንም አላለኝም። ቅዳሜ ከሥራው ቀርቶ አጠገቤ ቆመ።

ሰልፉ እንደ ወትሮው አልነበረም፤ ግን ነበረ። እትዬ ዘሃራ ከፊት ናቸው። ቢኒያም መጣ፣ ሰላም አለኝ፣ ሰንሰለቱን ፈታ። ወረቀቱን ሊያነሳ ሲሞክር ተቀደደበት። ማጣበቂያው ከብረቱ ጋር ተዋህዷል። በጥፍሩ ይፍቀው ጀመር። ሸሚዙ ያው የተተኮሰ ነው፣ ፊቱን አልቦታል። ቢላ ሊያመጣለት የተነሳ ሰው ነበር፤ "ተወው፣ ይችለዋል" አልኩ። ትንሽ አሳዘነኝ፤ አልዋሽም። ግን አላገዝኩትም። ስሜን በአንድ ደቂቃ ለጥፎ ነበር የሄደው፤ ሲላጥ ጊዜ ይፍጅ።

ሲጨርስ ዞር አለና ለሰልፉ፣ ማንም ሳያዘው፣ "በምርመራው ምንም ችግር አልተገኘም" አለ። ድምፁ ዝቅ ያለ ነበር።

"ከኋላ ያሉት አልሰሙም" አልኩት።

ቀና ብሎ ደገመው። ያን ጊዜ አከበርኩት። ገባሁና ወፍጮዬን አስነሳሁ።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ ሱቅ ያላችሁ፣ ባልትና ያላችሁ፣ ሻይ ቤት ያላችሁ፤ ሕጉን አትጥሉት። የሚያጭበረብር ሞልቷልና ሕጉ ያስፈልገናል፤ ለናንተም ለልጆቻችሁም ያስፈልጋል። ካጠፋችሁ ፈርሙ፣ ተቀጡ፣ አርሙ። ካላጠፋችሁ ግን "ፈርመሽ ተገላገይ" የሚላችሁ ወዳጅ ቢሆንም አትስሙት። ወዳጅ ባል ነው፣ ወዳጅ የጸሎት እህት ናት፣ ወዳጅ ደንበኛ ነው። ሁሉም ለናንተ ብለው ነው የሚመክሩት። ፊርማው ግን የነሱ አይደለም፤ የናንተ ነው።

ሁሉም ተስተካከለ ብዬ አልዋሻችሁም። ያልተመለሱ ደንበኞች አሉ። ዛሬም በደጄ በኩል በርበሬያቸውን ተሸክመው ታች ወዳለው ወፍጮ ቤት የሚሄዱ ሴቶች አሉ፤ ከሰርጉ ድንኳን ተነሥታ የወጣችውም አንዷ ናት። ሲያልፉ አንገታቸውን ወደዚያ ያዞራሉ። እኔ ግን ወፍጮውን ትቼ ወደ በሩ እወጣለሁ፣ ስማቸውን በሙሉ ጠርቼ "ደህና አደራችሁ?" እላቸዋለሁ። እነሱ ናቸው መሬት የሚያዩት።